ጀርመኑን ያስቀመስሁ እኔ ነኝ

ያለ የኔታ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት የደገምሁ፣ ቡሬ ላይ ሽማግሌ ሁሉ የሚያማክረኝ ሰው ነኝ። በጣሊያን ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ጀርመን ከከፈተው ቢራ ቤት ብገባ፣ ሰው ሁሉ ቀጂው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስለት ይጠጣል! በጠላት ዘመን እንዲህ ያለ ደፋር አይታችኋል?

ጀርመኑ ብርጭቆ ሲያቀርብልኝ፣ «ጌታው፣ መጀመሪያ ይቅመሱልኝ» አልሁት።

«ኧረ አያ፣ ያስወጡናል! ዝም ብለው ይጠጡ» አለኝ አብሮኝ የነበረው የሽንዲ ነጋዴ።

«ቢያስወጡኝም ሳይቀመስ አልጠጣም!»

ጀርመኑ ነገሩን ሲያስተረጉሙለት ስቆ ብርጭቆውን ጨለጠው። ይህን ያየ ጠጪ ሁሉ «ለኔም ይቅመሱልኝ!» አለ። ማምሻውን ጀርመኑን ደግፌ ያስቀመጥሁት እኔው ነኝ።

እንግዲህ ሥራዬን ቁጠሩልኝ፤ ቢራ ጠጣሁ፣ ፈረንጅ ሥርዓት አስተማርሁ፣ ሳልመረዝ ቡሬ ገባሁ። ነጋዴውም ዛሬ ሚስቱ የቀዳችውን እንኳ ሳትቀምስለት አይጠጣም። እሷ ግን እስካሁን አልማረችኝም።