ካክተሴ ወለደች ብዬ ላይቭ የገባሁ ቀን

ዛሬ በላይቭ ተዋረድኩላችሁ! ቁጭ በሉና እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ።

ሐይቅ ከተማ ብቻዬን ነው የምኖረው። በጦርነቱ ጊዜ ሁላችንም ሸሽተን ነበር። እናቴና እህቴ በዚያው አዲስ አበባ ቀሩ፤ እኔ ተመለስኩ። ቤቱ ተዘርፎ ጠበቀኝ። ቴሌቪዥን የለ፣ ፍራሽ የለ፣ የበር እጀታ እንኳ የለ!

የእህቴ ካክተስ ግን ጣሳዋ ውስጥ እንዳለች መስኮቱ ላይ ነበረች። እሾህ ማን ይዘርፋል?

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ «እንዴት ዋልሽ?» የምለው እሷን ነው።

አትሳቁ! እሺ፣ ሳቁ።

ሰሞኑን ቢጫ ሆነች፤ መኮማተር ጀመረች። ጠምቷት ነው ብዬ ውሃ አጠጣኋት። ባሰባት። እኔም ጨመርኩላት። ጉብዝናዬ!

ዛሬ ጠዋት እስቲ ሥሯን ልይ ብዬ ከጣሳው ገልብጬ አወጣኋት። ሥሯ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ተደርድረዋል፤ ልክ እንደ ድንች ፍሬ።

ወለደች!

ወዲያው ላይቭ ገባሁ። «ቤተሰብ፣ እልል በሉልኝ!» በደስታ ብዛት የጣሳውን አፈር በአጥሩ ላይ አሻግሬ የጎረቤቴ የእማማ ዘሃራ የበርበሬ ተክል ላይ በተንኩት። «ለእሳቸውም በረከቱ ይድረስ!» እያልኩ።

ኮመንት መጣ። ደሴ ላይ አበባ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ አይደለም። ኔማቶድ የሚባል ትል ነው። በዓይን አይታይም፤ ሥሯ ውስጥ ገብቶ እየበላት ነው ያበጠችው። ውሃ አያድናትም። ጤነኛውን ጫፍ በንጹህ ቢላ ቁረጥና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፤ ከዚያ አዲስ አፈር ላይ ትከለው። ጣሳውን በፈላ ውሃ እጠበው። ሥሩንና አፈሩን በፌስታል ቋጥረህ ጣል። ተክል ላይ እንዳትደፋው፣ ይዛመታል!»

ተክል ላይ እንዳትደፋው።

ላይቩን ዘጋሁት። (ስክሪንሾት ያነሳችሁ፣ አይቻችኋለሁ!)

ሮጬ ሄጄ በር አንኳኳሁ። እማማ ዘሃራ ከፈቱ።

«እማማ፣ በርበሬዎ ላይ አፈር በትኜብዎታለሁ። ትል አለበት። የማይታይ ትል ነው!»

ትክ ብለው አዩኝ። «የማይታይ? ልጄ፣ ደህና ነህ?»

አስረዳኋቸው። መጥረጊያ አመጡ። አፈሩ ገና ደረቅ ስለነበር፣ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን ከላይ ከላዩ ጠረግነው። ይቅርታ ማብዛቴን አይተው «አብሽር» አሉኝ። ቀጥለውም፦

«ወላሂ፣ ከስደት ከተመለስን ወዲህ በሬን ስታንኳኳ ዛሬ ገና ነው። ‹እንዴት ዋልሽ› ስትል በግድግዳው እሰማህ ነበር። ሚስት አገባ ብዬ ደስ ብሎኛል። ሙሽሮቹን አላስቸግር ብዬ ነው ያልመጣሁ።»

ሚስት!

እኔ ከካክተስ ጋር ሳወራ፣ እሳቸው እኔን ላለመረበሽ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በአንድ ግድግዳ!

እውነቱን ነገርኳቸው። እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«ይሄ በርበሬ ሲቀላ አንተ ልቀመው» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔማ ቅዳሜ መሄዴ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ሊወስደኝ ይመጣል። ብቻሽን አትኖሪም አለኝ።»

ያን የተበከለ አፈር በፌስታል ቋጥሬ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ቅዳሜ ሻንጣቸውን እስከ መናኸሪያ እሸከምላቸዋለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ጎረቤቱን ለመጠየቅ ትል እስኪመጣ የጠበቀ ሰው ከእኔ ሌላ አለ?