በቀስታ የተቃጠለው ሠርግ

ቃልም እንደ ሰው ነው፤ ድንበር ሲሻገር ጠባዩ ይለወጣል። አገር ቤት አንገቱን ደፍቶ ያደገ ጨዋ ቃል መተማን ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ወይ ስድብ ሆኖ ይገኛል፣ ወይ የአትክልት ስም። እኔ እዚህ ካርቱም ስኖር ከሰው ጋር ከተጣላሁት ይልቅ ከቃል ጋር የተጣላሁት ይበልጣል። ሐፍላን ውሰዱ። ሐፍላ ማለት ከካላክላ ወደ መሃል ከተማ የሚያመላልሰን ሚኒባስ ነው። ሐፍላ ማለት ደግሞ ድግስ ነው። ሱዳኖቹ «ኧረ አንዱ ሳብ ተደርጎ፣ አንዱ አጠር ተደርጎ ነው የሚጠራው፤ ሁለት ቃል ነው» ይሉናል። ይሁንላቸው። የእኔ ጆሮ ግን ልዩነቱን ሰምቶት አያውቅም፤ ደግሞስ ምን ልዩነት አለው? በሁለቱም ትታጨቃላችሁ፣ በሁለቱም እግራችሁን ትረገጣላችሁ፣ ከሁለቱም ስትወጡ ተመስገን ትላላችሁ።

ስንዱ እባላለሁ። ካላክላ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ዐረብኛዬን የተማርኩት እዚያው ገበያ ላይ ስለሆነ ዋጋ ስከራከር እንደ ጠበቃ ነኝ፤ ሐኪም ፊት ስቀርብ ግን የሚያመኝን በጣቴ ነው የማሳይ። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ረክሻ የሚነዳው፣ እናንተ ባጃጅ የምትሉትን ማለቴ ነው፣ ዐረብኛው በስድብ ይጀምርና በስድብ ያልቃል። ሰው ቤት የሚሠሩት ልጆቻችን ዐረብኛ ደግሞ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ከድስትና ከካውያ ርቆ አይሄድም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

እንግዲህ ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ አለች። አርካዊት ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ትሠራለች፤ የዕረፍት ቀኗን ግን እኔ ግቢ በተከራየቻት ክፍል ነው የምታሳልፈው። እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች። ያሳደጓት አባቷ ሼህ እንድሪስ ናቸው። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ እሷ እናት የላትም፤ ማን ማንን እንደወሰደ ሳናውቅ ተዋሰድን። እኔ ባለማተብ የጎንደር ክርስቲያን፣ እሷ ሰላቷን የማትዘነጋ እስላም። በሥጋ ካልሆነ በቀር በምንም ተለያይተን አናውቅም፤ እሷ የክርስቲያን እርድ አትበላ፣ እኔ የእስላም እርድ አልበላ፣ ባቄላና ምስር ግን ሃይማኖት ስለሌላቸው በእነሱ ተስማምተን እንኖራለን።

ዘይነባ ሰይድ የሚባል ረክሻ ነጂ ወደደች። ደግ ልጅ ነው፤ ስድቡ እንኳን ለስለስ ያለ ነው። ሼህ እንድሪስ በስልክ ፈቀዱ። ፈቀዱና አንድ ነገር ጨመሩ። «ልጄ፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ጭራሽ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ሙሽራ ሆነሽ ልይሽ» አሏት።

እንዴት ያዩዋታል? እሷ የመኖሪያ ወረቀቷ ነገር አላለቀላትም፤ ከወጣች መመለሷ በአላህ እጅ ነው። እሳቸው በዚያ ዕድሜና በዚያ ዓይን በረሃ አያቋርጡ። የቀረው ቪዲዮ ነው። የሰይድ ጓደኛ ደግሞ ኤችዲ የሚሉትን ካሜራ ከባሕረ ሰላጤ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የሰውን ብጉር አንድ በአንድ የሚቆጥር ጉደኛ ካሜራ። ልጅቷ የነገሩን ጥራት ስታይ አለቀሰች። «እትዬ፣ በዚህ ከሆነስ አባባ ያዩኛል» አለችኝ።

ሠርጉ አርብ ሆነ፤ ሠራተኛ ሁሉ የሚያርፈው አርብ ነዋ። እኔ በእናቷ ቦታ ተቀመጥኩ። ሂና የተቀባ እጇን ይዤ፣ ግንባሯን ስሜ፣ እልልታውን አቀለጥኩት። እነሱም የእኔን ነገር አልረሱም፤ አርብ ጿሚ መሆኔን አውቀው ጠዕሚያ ለብቻዬ በሳህን አቀረቡልኝ። ጠዕሚያ ሽምብራ ተፈጭቶ፣ ተድቦልቡሎ በዘይት የሚጠበስ የሱዳኖች የዘወትር ምግብ ነው። ትኩስ ነበር። ወደድኩትና ደገምኩ። ካሜራው እየዞረ ሁሉን ይቀዳል።

በማግሥቱ የካሜራውን ሜሞሪ ይዘን አርካዊት፣ ዘይነባ ከምትሠራበት ቤት ብዙ የማይርቅ የኮምፒውተር ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ሂሻም የሚባል ሳቂታ ሱዳናዊ ነው። ሠርጉን አየት አየት አደረገና ጠየቀን፤ ሁሉም በአንድ ዲስክ ይጠቅጠቅ ወይስ በሁለት ይከፈል? በአንድ ከተጠቀጠቀ ምስሉ ይደበዝዛል አለ። እኔ ይኼን ለመረዳት መማር አያስፈልገኝም፤ የካላክላን ሐፍላ ተሳፍሬ አውቃለሁ። «በሁለት ይከፈል! ጥራቱ አንደኛ ይሁን! የሚያዩት አባቷ ናቸው፣ ዓይናቸው ደካማ ነው» አልኩት። እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ «በዓይኔ» አለኝ። ሜሞሪዋን እሱ ዘንድ ተውናት። ከእሷ ሌላ ቅጂ የለም። ሐጂ ይማም የሚባሉ የሼህ እንድሪስ አገር ሰው፣ ነጋዴ፣ ረቡዕ ጠዋት በመተማ በኩል ሊገቡ ነውና ዲስኩን የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ ቀትር ላይ በርበሬ እየሰፈርኩ ስልኬ ጮኸ። ዘይነባ ናት። መጀመሪያ ለቅሶ ብቻ ነው የሰማሁት።

«እትዬ! ተቃጠለ!»

«ምኑ? ቤቱ?»

«ሠርጌ!»

ለካ ሂሻም ደውሎላት ኖሯል። የተናገረው ሁለት ቃል ነው፤ «ኸላስ፣ ሐረግናሁ።» አለቀ፣ አቃጠልነው ማለት ነው። ሐረግ ለእኛ አጥር ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው፣ ሲከበርም የዘር ሐረግ ነው፤ ለእነሱ እሳት ነው። ዘይነባ ይቺን ቃል ከወጥ ቤት ነው የምታውቃት። ሽንኩርቱ አረረ፣ ሩዙ ተቃጠለ፣ የጌታው ነጭ ጀለቢያ ከካውያው ሥር ጨሰ። ቃሏ በተነሳች ቁጥር ልጅቷ ስትሰደብ ኖራለች፤ በደስታ ተነስታ አታውቅም።

እኔስ ብትሉ፣ እኔ ደግሞ የፊልም ካሜራ ዘመን ሰው ነኝ። የእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ፎቶ አንሺው ወር ሙሉ ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ፊልሙ ተቃጥሎብኛል» ይላል። አለቀ። ስንት ክርስትና፣ ስንት ሠርግ በዚያች ቃል እንደተቀበረ እግዜር ይቁጠረው። ስለዚህ በእሷ ቋንቋም በእኔም ቋንቋ ነገሩ ያው ነው። የፈሩት ይደርሳል አልኩና በርበሬዬን ለጎረቤቴ ጥዬ ሐፍላ ውስጥ ዘለልኩ።

መንገዱን አትጠይቁኝ። ሾፌሩ «ያላ፣ ያላ፣ ጠጋ በሉ» ሲል በዓይኔ ገላመጥኩት። በልቤ ሽማግሌውን ነበር የማስበው። ዓይናቸውን ለልጃቸው አቆይተው የሚጠብቁትን ሰው ምን ብለን ነው የምንነግራቸው? ሠርግ ድጋሚ አይደገስ፤ ቢደገስስ ዓይን ይጠብቃል? አልቅሼም ነበር፤ ዐሥር ዓመት የገበያ ሴት ሆኜ ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀዋ።

ዘይነባ ከነሽርጧ ሱቁ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ከካውያው ተነስታ ነው የሮጠችው። ብቻዋን ለመግባት ወኔ አጥታለች። እጇን ይዤ ገባሁ። ሂሻም ሲያየን ተነስቶ ፈገግ አለ። ፈገግታው ነው ደሜን ያፈላው።

«አቃጠልከው?» አልኩት በዐረብኛዬ።

«አዎ!» አለ፤ ጥርሱ በሙሉ ታየ።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም፣ ያ ኻልቲ።» አክስቴ ማለቱ ነው፤ አክስትነቱን እዚያው ፊቱ ካድኩት።

«እያወቅህ?»

«እንዴታ! ያውም በቀስታ ነው ያቃጠልኩት።»

«በቀስታ?!»

«ወላሂ በቀስታ! ቸኩዬ ባቃጥለው ይበላሽ ነበር። ሌላ ባለሱቅ ቢሆን አንድ ጊዜ ቦግ አድርጎ ይሰጣችኋል፤ እኔ ግን ለአባቷ ዓይን ብዬ ጠዋት ጀምሬ ቀስ እያልኩ ነው ያቃጠልኩት።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ቀስ በቀስ ሠርግ ይቃጠላል ሲባል ግን እናቴም አልነገረችኝ። እጄ ወደ ጫማዬ ወረደ። በሱዳን ጫማ ማንሳት ቀላል ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል። ዘይነባ ደግሞ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ «አባባ! አባባ!» እያለች ታነባለች። ሂሻም አንዴ እሷን፣ አንዴ ጫማዬን ያያል። ፈገግታው ጠፋ። «ምን አጠፋሁ?» አለ፤ መልስም ሳይጠብቅ አንዱን ዲስክ አንስቶ ማጫወቻው ውስጥ ከተተው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ዘይነባ ወጣች።

እንዴት ያለች ሙሽራ! የሂናዋ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሻሿ ሥር ያመለጠች አንዲት ፀጉር ሳትቀር ትታያለች። ቀጥሎ እኔ መጣሁ፤ ግንባሯን ስስማት፣ ማተቤ ከቀሚሴ ወጥቶ ሲወዛወዝ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ያቃጠልኩት ነዋ!» አለ ሊያለቅስ ደርሶ። «ዲስክ ላይ መቅዳት ማቃጠል ነው የሚባለው!»

ጫማዬን መልሼ ተጫማሁ። እፎይ! ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው ያገኘሁት፤ አንዱን ድንበር ስሻገር ነው። ደስታው እልልታ ሆኖ ወጣ። ዘይነባም ከወለሉ ተነስታ ተቀበለችኝ። መንገደኛው ሱቅ ውስጥ ሠርግ ያለ መስሎት ቆመ፤ አልተሳሳተም። ሂሻም ነገሩን ስናስረዳው እስኪያስለው ሳቀ፤ ይቅርታ ብዬ በማግሥቱ አንድ ኪሎ ሽሮ ወሰድኩለት። ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም መሰለኝ፣ እንደ ዱቄት ጋግሮት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሐጂ ይማም ዲስኮቹን በፎጣ ጠቅልለው ከደረታቸው ሥር አድርገው ሄዱ። ከዚያ ዝም። ዘይነባ በየዕለቱ «ደርሶ ይሆን? አይተውት ይሆን? ዓይናቸው ችሎ ይሆን?» ስትለኝ ቆይታ፣ አንድ አርብ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ዘይነብዬ» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ልጄ፣ አየሁሽ። ቴሌቪዥኑን በአፍንጫዬ ልነካው ምንም አልቀረኝ። እጅሽ ላይ ያለውን ሂና አየሁ። ስትስቂ ጥርስሽ የእናትሽ ነው። እንግዲህ ቢጨልምም ይጨልም።»

«እንዲህ አይበሉ፣ አባባ!» አለችና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እህቴ» አሉኝ። «ማተብሽንም አይቼዋለሁ። በእናቷ ቦታ ሆነሽ ልጄን ስትስሚያት አየሁ። ሌላም አይቻለሁ።»

«ምን አዩ፣ አባቴ?»

«አርብ እንደነበረ ሐጂ ይማም ነገረኝ። እኔ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አርብ ለእናንተ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የእኛን እርድ እንደማትነኩም አውቃለሁ። ልጄ በሠርጓ ቀን እንዳይከፋት ብለሽ ግን ያን የተጠበሰ ሥጋ ስትበዪላት አየሁ። ደግሞ ደገምሽ! እህቴ፣ እናት እንኳ እንዲህ አታደርግም። ልጄን ለማን እንደተውኳት ዛሬ ልቤ አረፈ።» አለቀሱ።

አፌን ከፈትኩ። «ጠዕሚያ ነው እኮ! ሽምብራ!» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ቆማለች። ልጅት እንባዋን እያበሰች ታየኛለች። ሽማግሌው በወዲያ በኩል «አላህ ይስጥሽ፣ ጉልበትሽ አይድከም፣ የሷን ልጆች አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ» እያሉ ምርቃቱን ያወርዱታል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«አሜን» አልኩ።

እነሆ ሐጂ ይማም ተመልሰው እንደነገሩኝ፣ ወሎ ውስጥ ባንድ መንደር የካርቱሟ ክርስቲያን ተብሎ ስሜ በክብር ይጠራል፤ ለፍቅር ብላ አርብን የገደፈች ሴት። የሚያሳዝነኝ ጥራት፣ ጥራት እያልኩ ባለሱቁን ያስጨነቅኩት ራሴ መሆኔ ነው። ዲስኩ ትንሽ ደብዘዝ ቢል ኖሮ ሳህኑ ባልታየ። ድቡልቡሉ ጥርት ብሎ፣ ሲጠበስ ያወጣው ቡናማ ቅርፊት ሳይቀር ይታያል፤ ጣዕሙን የሚያሳይ ካሜራ ግን ገና አልመጣም። የዚህች ከተማ ክርስቲያን ሴቶች እኛ ዘንድ የቀረውን ቅጂ እንዳያዩት ስል ደብቄዋለሁ።

እሳቸው ይህንን እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ዓይናቸውም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆየ። ልባቸው ግን አርፏል፣ የእኔም እንደዚያው። እናንተ ብቻ ምስክር ሁኑኝ።

ጠዕሚያ ነበር።