ጋሽ ገና እና ያልተፋቀው ቧንቧ

ሁሉም «አለቀ» ሲል «ገና ነው» የሚል አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የኛም የውሃ መስመር ዘርጊዎች ቡድን ድርሻውን ተቀብሏል። እኔ ከክቡርነታቸው ከጋሽ ገና ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስቆጥረው ሰባ ይመስለኛል።

የፕላስቲክ ቧንቧ ብየዳ ቀላል ነው። ማያያዣውን ታለብሰዋለህ፣ የማሽኑን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይዋሃዳል። ለጋሽ ገና ግን ዋናው ሥራ መፋቅ ነው። የቧንቧውን ጫፍ ዙሪያውን በማርከር ያሰምሩና በመፋቂያው ይልጡታል፤ አንዲት መስመር ከቀረች እንደገና። «ፀሐይና አየር የጠገበ ቆዳ አይያያዝም፣ ልጄ።» ከዚያ በአልኮል ይወለውሉታል። ዝንብ ካረፈችበት ከሀ ይጀምራሉ። አንዴ ሳላስበው በጣቴ ብነካው እናታቸውን የሰደብኩ ያህል አዩኝ።

«ላብህን ነው የምትበይደው?»

ባለፈው ወር ጉንፋን ጣላቸውና ብቻዬን ቀረሁ። የጤና ጣቢያው መስመር ተቆርጦ ነርሶቹ ውሃ በባልዲ ያመላልሳሉ፤ ፎርማኑ ከላይ ሆኖ «ቶሎ በል እንጂ!» ይለኛል። እኔም ታክቶኝ ነበር። ለአንድ ቀን እንኳ ከመፋቅ ልረፍ ብዬ አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ በየድኩት። ሲያልቅ የነገሥኩ መሰለኝ።

በማግስቱ መስመሩ በግፊት ሲሞከር መጀመሪያ ፉጨት ተሰማ፤ ቀጥሎ ውሃው ፎርማኑን ደረቱ ላይ አገኘው። ከላይ የተያያዘ የመሰለው ከውስጥ ጨርሶ አልተዋሃደም።

«ማነው ይህን የበየደው?»

አፌን ስከፍት ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ጋሽ ገና አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ሳይድኑ መጥተዋል። ቧንቧውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ለምን እንደሚፋቅ በደንብ አላስረዳሁትም።»

ሰባት ዓመት ጆሮዬ እስኪደማ ያስረዱኝ ሰው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የተበላሸውን ቆርጠን አወጣን፤ እሳቸው እየሳሉ፣ እኔ እየፋቅሁ፣ ከምሳ በፊት ጤና ጣቢያው ውሃ አገኘ።

ትናንት ፎርማኑ ጠራኝ።

«ከሰኞ ጀምሮ ቀልጣፋ ሰው እሰጥሃለሁ። ከሽማግሌው ተገላገልክ።»

ስንት ጊዜ ስለት የተሳልኩለት ጉዳይ ነው። አፌ ግን እኔን ሳያማክር፣ «ይቅርብኝ፤ ጉድጓድ ሲወርዱ ማን ይደግፋቸዋል?» አለ።

«እሳቸው እኮ ካንተ ይጠነክራሉ!»

«እንግዲያው እኔን ማን ይደግፈኛል?» አልኩት።