የወኔ ግምገማ

ሰው ሲከፋው «ጠንከር በል» የሚለው አያጣም አይደል? እኔ ታዲያ ይህንኑ ለማለት ደሞዝ ይከፈለኝ ነበር። ቦንጋ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የስፖርት መምህር ነበርኩ።

ያኔ ሐዋሳ ለሦስት ቀን ሥልጠና ላኩኝ። ርዕሱ የአትሌቶችን ሥነ ልቦና ስለ ማጠንከር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ሥነ ልቦናው የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነበር። የሐዋሳን ዓሣ በልቶ ከሰዓት በኋላ የማይተኛ ሰው ካለ፣ እሱስ ሥልጠናም አያስፈልገው። ሰርተፊኬቴን ይዤ ተመለስኩ። ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም።

ምን ላሠልጥናቸው? አስቤ አስቤ፣ አሳምሬ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ፤ ግምገማ! መቼስ በዚያ ዘመን ያልተገመገመ ማን አለ? ኃላፊው፣ መምህሩ፣ ዘበኛው ሳይቀር። እናም ዘወትር ዓርብ ከልምምድ በኋላ ሯጮቼን ሣር ላይ አስቀምጥና አንድ በአንድ አስነሣለሁ። መጀመሪያ ግለ ሂስ፣ ቀጥሎ ሂስ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዛል። እየተወቀጡ ይጠነክራሉ ብዬ ነው። እውነትም አንዳንዶቹ ጠነከሩ፤ እግራቸው ሳይሆን ምላሳቸው።

ወርቅነሽ የምትባል ከቢታ ገነት የመጣች የአምስት ሺህ ሯጭ ነበረችን። ስትሮጥ የሚደርስባት የለም፤ ሲገመግሟት ግን ዝም ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ሰው ፊት «ወኔ የለሽም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እሺ ቲቸር» አለች።

ለኮሌጆች ውድድር የሚሄደው በሰዓት ይመረጥ ነበር። የማጣሪያው ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። የቦንጋን ዝናብ ታውቁት የለ? አራተኛው ዙር ላይ ሌሎቹ አቋርጠው ወደ ዶርማቸው ሮጡ። እኔማ ቀድሜያቸው ሰዓቱን አቁሜ፣ ሜዳው ዳር ካለችው ሻይ ቤት ገብቻለሁ። ሁለተኛውን ሻይ ይዤ ብቅ ብል ወርቅነሽ ብቻዋን ትሮጣለች። በየዙሩ በበሩ ስታልፍ እኔንም ብርጭቆዬንም ታየናለች። ጨርሳ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጣችና «ስንት ገባሁ ቲቸር?» አለችኝ።

ስንት ልበላት? «ሰዓት አልያዝኩልሽም፣ ነገ ይደገም» ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን «ሰዓቱን አላሟላሽም» አልኳት። ለውድድሩ በሚላከው ዝርዝር ላይም ከስሟ ትይዩ «ወኔ ይጎድላታል» ብዬ ጻፍኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል። ጽፌም ሻዬን ጨረስኩ፤ ዛሬም ድረስ አንገቴን የሚያስደፋኝ ይኼ ነው።

ዓርብ ደረሰ። አንዱ ተነሥቶ «ዛሬ ቲቸርም ይገምገሙ እንጂ!» አለ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ እንዴት እምቢ ልበል? ግለ ሂስ ያድርጉ ሲሉኝ ተነሣሁ። «አንዳንዴ አረፍድ ይሆናል» ብዬ ተቀመጥኩ። ድክመት ያየባቸው ካለ ተባለ። ወርቅነሽ እጇን አወጣች።

አለቀልኝ አልኩ። አማርኛ የአፍ መፍቻዋ ስላልሆነ ቃል እየመረጠች ነው የምትናገረው። «ያን ቀን ዝናብ ነበር» አለች። «ዝናብ ሰዓት ያበላሻል። ቲቸር ጥፋት የለባቸውም።» ይህን ብላ ቁጭ አለች፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አልነቀለችም።

እውነቱን እንድናገር በሩን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር። ዝርዝሩ ገና አልተላከም። አንድ ቃል ብናገር ልጅቷ ትሄድ ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ነው የነቀዘው።

ቡድኑ ያለ እሷ ሄደ። ዝርዝሩም የተገለበጠበት የዚያ ዕለት ቃለ ጉባኤ ግን እስካሁን ቤቴ አለ። «ወርቅነሽ፦ ወኔ ይጎድላታል። አሰልጣኙ፦ ድክመት አልተገኘባቸውም» ይላል። ፈርሜበታለሁ።