የአባባ የርኮን መኝታ ክፍል ለማከራየት የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2025
ቦታ፦ ስፕሊት የወደብ ከተማ፣ የአባባ የርኮ ቤት፣ ማዕድ ቤት

የተገኙ፦
አቶ ቶንቺ፣ የአባባ የርኮ ልጅ፦ ሰብሳቢ
ወይዘሮ ኔዳ፣ የአቶ ቶንቺ ባለቤት፦ ገንዘብ ያዥ
አቶ ሽፒሮ፣ የአባባ የርኮ አማች፦ ምክትል ሰብሳቢ
ወይዘሮ ቪሽኛ፣ የአባባ የርኮ ልጅ፣ የአቶ ሽፒሮ ባለቤት፦ ጸሐፊ
አባባ የርኮ፣ ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ፣ የቤቱ ባለቤት፦ ድምፅ የሌላቸው ታዛቢ (ዓሣ እያጸዱ)

ሁሉም የሚኖረው እዚሁ ቤት በመሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ያለ ችግር ተሟልቶ፣ ስብሰባው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ ቤት አከራይቶ ለመበልጸግ ከየት እንጀምር?

ሰብሳቢው የሁለት ቀን የቤት አከራዮች ሥልጠና በመካፈላቸው ከሌሎቻችን የተሻለ ዕውቀት እንዳላቸው አስታውሰው፣ «ዋናው ነገር በእጃችን ካለው መነሳት ነው» ሲሉ ገለጹ። በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ በጣታቸው ወደ አባባ የርኮ መኝታ ክፍል አመለከቱ። ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ መስኮት ያለው እሱ ብቻ ነው። ወይዘሮ ኔዳ፣ ቱሪስት ለዚያ መስኮት የሚከፍለውን ቢሰሙ አባባ ራሳቸው እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ተናገሩ። ምክትል ሰብሳቢው ደግሞ ለአንድ መስኮት አንድ ተከራይ ብክነት ነው በማለት፣ ክፍሉ መሃል ለመሃል በስስ ግድግዳ ተከፍሎ ለሁለት ተከራይ ግማሽ ግማሽ መስኮት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊዋ መስኮቱን ማን ይከፍተዋል ብላ ጠየቀች። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ተከራዮቹ ተነጋግረው እንዲከፍቱት ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ነባሩን ነዋሪ ስለማዛወር

ሰብሳቢው ምድር ቤቱን፣ ከወይን በርሜሎቹ አጠገብ ያለውን ቦታ ጠቆሙ። ወይዘሮ ኔዳ ቅዝቃዜ ለልብ ጥሩ እንደሆነ የሆነ ቦታ ማንበባቸውን ጨመሩ። ምክትል ሰብሳቢው ግን፣ «ዓሣ የሚያጠምድበት ጀልባውስ? ሸራ እናለብሰዋለን። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ አይደል የኖረው!» አሉ።

አባባ የርኮ እጃቸውን አነሱ።

ሰብሳቢው፣ «አባባ፣ ጉዳዩ ያንተ ስለሆነ አንተ ብትናገርበት የጥቅም ግጭት ይሆናል» ብለው እጃቸውን አስወረዷቸው።

በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ (የጸሐፊዋ)፣ አባባ የርኮ በጋውን ጀልባው ላይ፣ ዝናብ ሲመጣ ምድር ቤት እንዲያድሩ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ማደግ

ሰብሳቢው ይህን ቤት ለባንክ አስይዘን ሁለተኛ ቤት፣ ሁለተኛውን አስይዘን ሦስተኛ እያልን በአምስት ዓመት መንደሩን በሙሉ እንደምንጠቀልለው አስረዱ። ሆኖም ቀጥሎ የታሰበው የምክትል ሰብሳቢው እናት ቤት መሆኑ ሲነገር አቶ ሽፒሮ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ስማ፣ የእናቴን ደጃፍ ብትረግጥ እግርህን ነው የምሰብረው!»

«ምነው? የኔን አባት ጀልባ ላይ ስንጥለው ሐሳቡን ያመጣኸው አንተ አይደለህ?»

«እሱማ ያንተ አባት ነው!»

የሐሳብ ልውውጡ በእጅም በመቀጠሉ፣ አንድ ዓሣ ከአባባ የርኮ ሳህን ተነሥቶ ምክትል ሰብሳቢው ሸሚዝ ላይ አርፏል። ማን እንደወረወረው አልታወቀም፤ ወይዘሮ ኔዳ ግን እጃቸውን ታጥበዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የእናቶች ቤት እንዳይነካ ተወሰነ። ስለ አባቶች ቤት የተነሣ ተቃውሞ አልነበረም።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ባንኩ ያለ ባለቤቱ ፊርማ ስለማያበድር ሰብሳቢው ወረቀቱን ዘርግተው፣ «አባባ፣ እዚች ጋ ብቻ ፈርምልን» አሉ። አባባ የርኮ እጃቸውን ታጥበው፣ በፎጣ አድርቀው ተቀመጡ።

«ሥልጠናው ላይ ምን አሉህ ቶንቺ? ሰው ኪራይ ሳይከፍል ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይደረጋል?»

ሰብሳቢው በጥያቄው ደስ ብሏቸው፣ «ወይ ታስከፍለዋለህ፣ ወይ ታስወጣዋለህ! እዚህ ሥራ ላይ መራራት የለም» አሉ።

«እንግዲያው እኔ አራት አሉኝ።»

አባባ የርኮ ድምፃቸውን ሳያነሱ ቀጠሉ፦

«እናታችሁ ታማ ስትተኛ አልጋዋን ወደዚያ መስኮት ያዞርኩት እኔ ነኝ። መርከቤ ስትገባ ታይ ነበር። ያረፈችውም እዚያው፣ እያየች ነው። ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር።»

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ መጻፍ አቁማ ነበር። ኋላም ድምፀ ተዓቅቦዋ ተሰርዞ ተቃውሞ ተብሎ እንዲመዘገብላት ጠየቀች። አባባ የርኮ «መቃወም ያኔ ነበር፣ ልጄ» ስላሏት ሳይሰረዝ ቀርቷል።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ገብቷል። ከሜይ ወር ጀምሮ ሁለቱም ጥንዶች ለቤቱ ባለቤት ኪራይ ይከፍላሉ። ሰብሳቢው የቤተሰብ ቅናሽ ጠይቀው ተከልክለዋል። ኮሚቴው ፈርሷል።

የቤቱ ባለቤት ጠረጴዛውን ለእራት ስለፈለጉት ስብሰባው ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ። እራት ኪራዩ ውስጥ እንደማይገባ አስታውቀው፣ ዓሣውን ጠብሰው አምስት ሳህን ዘረጉ።

ቀና ብሎ የበላ የለም።