የአንደኛ ፎቁ አጋዘን ጠሪ

መስከረም በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ንጋት፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን አቶ ታዬ የአጋዘን መጥሪያ ጡሩምባቸውን ነፉ። ከውጭ አገር አደን ተምሮ የተመለሰ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጫካ ሳይገባ ሕንፃውን ጫካ ያደርገዋል። እናቴ ጩኸቱ የለቅሶ መስሏት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በታማሚ ጉልበቷ ከአራተኛ ፎቅ እያነባች ወረደች።

«ማን ሞተብህ፣ ልጄ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። እንደ ሴት አጋዘን እየጮኽኩ ነው፤ ክረምት ሲወጣ ወንዱ ይህን ከሰማ ካለበት ይመጣል።»

«ታዲያ ባል ፍለጋ ነው እንዲህ የምታስለቅሰን?»

ልቆጣ አሰብኩና ደከመኝ። የእናቴ ጉልበት አብጧል፤ ሊፍት የለንም፤ መውጣት አቅቷት ይኸው ሳምንቱን ሙሉ እዚያው አንደኛ ፎቅ ሌላ ጎረቤት ዘንድ ተኝታለች። አቶ ታዬ፣ አጋዘን ከተራራ አወርዳለሁ የሚሉት እርስዎ፣ እናቴን ወደ አራተኛ ፎቅ የሚያወጧት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው?