ዋንዛው ፎቶ ሲያነሳኝ

ትናንት ሌሊት ሕልሜ ዛፎችን ካሜራ አስይዞ መጣብኝ።

ሰዉ ሁሉ ኮረብታው ላይ እስከ ጉልበቱ ተተክሎ ቆሟል፤ እኔም አለሁበት። ዛፎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። በየቅርንጫፋቸው ካሜራ አንጠልጥለዋል። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ሰው የሚረግፍበት ነው ተባለ። እውነትም የጎረቤቴ የጋሽ ልሳኑ ጆሮ ቢጫ ሆነና ረገፈ፤ ነፋሱም ይዞት ሄደ። ጋሽ ልሳኑ በዓይናቸው ሸኙት።

"ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጀመረ" አሉኝ፣ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስል።

እኔ ፈራሁ። ሻሼን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

ፎቶ አንሺው የደጄ ዋንዛ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ያጠጣሁት ዋንዛ። ሳየው ቀለል አለኝ፤ እሱ ግን ዓይቶኝም እንደማያውቅ ሆነ። ካሜራውን ጋሽ ልሳኑ ላይ ደገነና የካሜራውን ዓይን እንደከፈተ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ቁልቁል ሳበው። ልክ ልጄ ስንዱ እንደምታደርገው። ስንዱ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። ክረምቱ ሲወጣ ጫካ ትገባና ካሜራውን ሆን ብላ እያንቀሳቀሰች ዛፍ ታነሳለች። ዛፉ ዛፍነቱ ይጠፋና ቢጫና ቀይ ጭረት ሆኖ ይወጣል። እጅሽን አጽኚ፣ ይሄ የተበላሸ ፎቶ ነው እላታለሁ፤ እሷ ትስቃለች፣ ውበቱ እሱ ነው ትላለች።

ኮረብታው ላይ ግን የሚስቅ አልነበረም። ጋሽ ልሳኑ ፎቶው ላይ ቢጫ ጭረት ሆነው ወጡ። ዞር ብዬ ሳይ የቆሙበትም ቦታ ላይ ያለው ቢጫ ጭረት ብቻ ነው። አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ። ባለቤታቸው መጥተው ሦስት ጊዜ ዞሩትና "እሱ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።

ከወዲያ በኩል አንድ ለጋ ግራር ተሳስቶ አንዲት ሴትዮ ጥርት አድርጎ አነሳ። ዛፎቹ ተንጫጩ፤ ዳኛ ይጠራ አሉ። ዳኛዋ ፍየል ናት። ፎቶውን ገልበጥ አድርጋ አየችና ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ትታወቃለች፣ ይሄ ነውር ነው ብላ እዚያው ዋጠችው። ግራሩን ካሜራውን ነጠቁት።

ተራዬ ደረሰ።

"እታገኝ፣ እስቲ ትንሽ ነቅነቅ በይ" አለኝ ዋንዛው።

"ንቅንቅ አልልም።"

ይህንኑ ቃል ማታም ለስንዱ ብያት ነበር።

"ያልተነቃነቀ ሰው ፎቶ ላይ አያምርም።"

"አይመር። ልጄ መልኬ ከጠፋት የማን እናት ልባል ነው?"

ዋንዛው ወደ ፍየሏ ዞረ። ፍየሏ አመነዠከች፣ አመነዠከችና፣ "እሷ ካልተነቃነቀች መሬቱ ይነቃነቃላ" አለች።

ዛፎቹ በሙሉ ሥሮቻቸውን ኮረብታው ሥር ሰደዱና ይጎትቱት ጀመር። ጥርሴ ተንገጫገጨ። እግሬን ልነቅል ብል ተተክሏል፤ ልጩህ ብል አፌ ውስጥ ቅጠል ሞልቷል። ጭረት ሆነው ከቀሩት ሰዎች መሃል አንዱ፣ ቀዩ፣ ተነስቶ ወደ እኔ ሮጠ። ፊት የለውም። ድምፁ ግን የስንዱ ነው።

"እማ፣ ተንቀሳቀሺ።"

ቅጠሉን ተፋሁት። "ፊትሽን የት ጣልሽው?"

"ተይው ፊቱን። ነይ።"

እጇን ዘረጋችልኝ። እጅ አይደለም፣ ቀይ መስመር ነው። ብይዘው እኔም እንደሷ ልሆን ነው፤ ብተወው ልጄ ናት። ዋንዛው ካሜራውን አናቴ ላይ ደገነ። ዓይኑ ተከፈተ።

ባነንኩ።

አልጋዬ ወደ በሩ እየሄደ ነው። ብርጭቆው ከመደርደሪያው ወርዶ ተሰበረ፣ ጣሪያው ይንቋቋል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይኸው ሳምንቱ ነው፤ ጋሽ ልሳኑም ስንዱም፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሜዳው ላይ ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው። በገዛ እጄ ጭቃ ረግጬ ከሠራሁት ቤት አልወጣም ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ሰው ሁለት እግሬን ይዞ ይጎትተኛል። የግድግዳው አቧራ ፊቱን አልብሶት አፍንጫውን ከዓይኑ መለየት አልቻልኩም።

"እማ፣ ተንቀሳቀሺ" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ግድግዳው በነበረበት በኩል ዋንዛው ቆሞ ቁልቁል ያየኛል።

ለዛሬ እሺ አልኳት።